ባቡሩን ያቆሙት ለማን ብለው ነው?

እህቶቼ፣ ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ጡረታ ነው። «ጡረታ? እኛ በሃያና በሠላሳ ዓመታችን?» እንዳትሉኝ። እኔም እንደዚያ ነበር የምለው። ሐሳቤን ያስቀየረኝ ፓሪስ ላይ የቆመ ባቡር ነው ብላችሁ ትስቁ ይሆናል፤ ግን እውነቴን ነው።

ነገሩ በፈረንጆች 2019 ዲሴምበር ላይ ነው። ቤይሩት ከመጣሁ አንድ ዓመት አልፎኝ ነበር። የማዳሜ ልጅ ፓሪስ ትሠራለች፤ ማታ ማታ ትደውላለች። አንድ ቀን እኔ ወጥ ቤት ቁጭ ብዬ ኩሳ እየፈለፈልኩ፣ ስልኩ ድምፁ ተለቆ ልጅቷ ስታማርር እሰማለሁ። ሜትሮ የለም፣ አውቶቡስ የለም፣ ከሥራዋ እስከ ቤቷ በዚያ ብርድ አንድ ሰዓት ተኩል በእግሯ ሄዳለች። ማዳሜ ስልኩን ዘጋችና ወደ እኔ ዞራ፣ «ሰነፎች! በሃምሳ ዓመታቸው ጡረታ ወጥተው ቁጭ ብለው መብላት ነው የሚፈልጉት» አለች። እኔም አንገቴን ነቀነቅኩ። ምን ልበል? እሷ ማዳም ናት፣ እኔ ኩሳ ይዣለሁ።

ሌሊት ተኝቼ ግን ነገሩ ከሐሳቤ አልወጣም። አጎቴን አስታወሰኝ።

አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም፣ ከደሴ አዲስ አበባ አውቶቡስ ይነዳ ነበር። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነስቶ ይወጣል፤ ማታ ሲገባ እጁ መሪ እንደያዘ ሰው ታጥፎ ይቀራል፣ እናቴ በቅቤ ታሽለት ነበር። 27 ዓመት ነዳ። መጨረሻ ላይ ወገቡም ዓይኑም እምቢ አለው። አውቶቡሱ የግለሰብ ስለነበር ቁልፉን መለሰ፣ ባለንብረቱ አመሰገነው፣ በቃ። በአገራችን የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው፤ እሱ ያኔ መሪውን ለቋል። ዛሬ ሕጉ ሠራተኛው ከደመወዙ 7 ከመቶ፣ አሠሪው ደግሞ 11 ከመቶ እንዲያስገቡ ያዛል። አጎቴ ግን 7 የለው፣ 11 የለው። የእሱ ጡረታ እኔና እህቴ ነን፤ እሷ ጅዳ፣ እኔ ቤይሩት።

እና ማዳሜ «ሰነፎች» ስትል፣ እኔ ሰነፍ ሹፌር አይቼ ስለማላውቅ፣ ሰዎቹ ምን እንደጠየቁ ለማወቅ ፈለግሁ። እሑድ ስወጣ ፈረንሳይኛ የምታውቅ ካሜሩናዊት ጓደኛዬን ጠየቅኳት። ከዚያ ወዲህም ወሬውን ስከታተል ኖሬአለሁ። ያወቅሁትን ልንገራችሁ።

ፈረንሳይ ውስጥ ያኔ 42 ዓይነት የጡረታ ሥርዓት ነበር። የባቡሩ ሠራተኛ የራሱ አለው፣ የፓሪስ ሜትሮና አውቶቡስ ሠራተኛም የራሱ አለው። ፕሬዚዳንት ማክሮን «ሁሉም በአንድ ይጠቃለል፤ ሠራተኛው በሠራው ልክ ነጥብ ይሰብስብ፣ ጡረታውም በነጥቡ ይታሰብ» የሚል ዕቅድ አመጡ። ሲሰሙት ጥሩ ነው። ሠራተኞቹ ግን አንዱ ነጥብ ከሃያ ዓመት በኋላ ስንት ብር እንደሚያወጣ ማን ዋስ ይሆነናል ብለው ጠየቁ። በዚያ ላይ መውጫው በሕግ 62 ዓመት ሆኖ ሙሉ አበል የሚገኘው ግን በ64 ይሁን ተባለ። ዲሴምበር 5 ቀን አድማ ተመታ። የባቡሩም፣ የሜትሮውም፣ የአውቶቡሱም ሠራተኛ ሥራ አቆመ። አስተማሪዎችና የሆስፒታል ሠራተኞችም አብረው ወጡ። በዚያን ቀን በመላ አገሪቱ ከ800,000 በላይ ሰው ሰልፍ እንደወጣ መንግሥት ራሱ ተናግሯል። ፓሪስ ውስጥ እንደ ወትሮው የሚሄዱት ሹፌር የማያስፈልጋቸው ሁለት የሜትሮ መስመሮች፣ 1 ቁጥርና 14 ቁጥር፣ ብቻ ነበሩ ማለት ይቻላል።

ማዳሜ የተናገረችው ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም፤ እሱን ልደብቅ አልፈልግም። የሜትሮና የባቡር ነጂዎች ከ52 ዓመታቸው ጀምሮ ጡረታ መውጣት ይችሉ ነበር። ሌላው ፈረንሳዊ 62 እስኪሞላው እየጠበቀ እነሱ ለምን በ52 ይወጣሉ? ጥያቄው ተገቢ ነው። የእነሱ መልስ ደግሞ ይሄ ነው። ሥራው ሌሊትም፣ እሑድም፣ በዓልም አለበት፤ የሜትሮው ሹፌር ቀኑን ከመሬት በታች ነው የሚያሳልፈው። ከሁሉም በላይ ግን ሲቀጠሩ የገቡበት ውል ነው። በወጣትነታቸው ያንን ሥራ የያዙት መጨረሻ ላይ ይህ አለልህ ተብለው ነው። እህቶቼ፣ ከሠሩ በኋላ ውል ሲቀየር ምን እንደሚመስል ከእኛ በላይ የሚያውቅ አለ እንዴ? አዲስ አበባ የፈረምሽው ደመወዝ ሌላ፣ እዚህ ደርሰሽ የሚሰጥሽ ሌላ። አንድ ቤት ተብለሽ መጥተሽ የእህቷንም የእናቷንም ቤት ስታጸጂ። እሱን የቀመሰች ሰው ሹፌሮቹን «ሰነፍ» ለማለት አፏ አይታዘዝላትም።

ይህንን ሁሉ ሰምቼ ግን በጣም የገረመኝ ሌላ ነገር ነው፤ የዛሬው ጽሑፌም እሱን ለመንገር ነው።

አድማው በተጀመረ በሳምንቱ ዲሴምበር 11 ቀን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኤድዋር ፊሊፕ ወጥተው ዕቅዱን ሲያብራሩ፣ አዲሱ ሥርዓት ከ1975 በፊት የተወለደን ሰው አይነካም አሉ። በ52 ዓመት መውጣት የሚችሉትን እንደ ባቡር ነጂ ያሉትን ደግሞ ከ1985 በፊት ከተወለዱ አይነካቸውም ተባለ። አስቡት፤ በዚያን ጊዜ 35 ዓመት የሞላው ሹፌር ድኗል ማለት ነው። የ45 እና የ50 ዓመት ሰው ማግስቱን ወደ ሥራው መመለስ ይችላል፤ የራሱ ጡረታ አልተነካበትም። አድማ ላይ የዋለበት ቀን ደግሞ ደመወዝ አይከፈለውም። ገናና አዲስ ዓመት እየደረሰ ነው፣ ልጆች አሉ፣ የቤት ኪራይ አለ። ግን ብዙዎቹ አልተመለሱም። የፓሪስ ሜትሮ አድማ እስከ ጃንዋሪ ቀጠለ፣ ከ40 ቀን በላይ ሄደ። ሰዉም ለአድማ መቺዎቹ መደጎሚያ ብሎ ገንዘብ አዋጣላቸው።

እንግዲህ እነዚያ ትልልቆቹ ሰዎች ባቡሩን ያቆሙት ለማን ብለው ነው? ገና ላልተቀጠረው ልጅ ነው። «እኔ ድኛለሁ፣ የኋለኛው የራሱን ይወቅ» ማለት ይችሉ ነበር፤ አላሉም።

መጨረሻው ምን ሆነ ትሉኝ ይሆናል። ጃንዋሪ 11 ቀን 2020 መንግሥት ያንን የ64 ዓመት ነገር ለጊዜው አነሳው። ማርች ላይ ኮሮና ሲመጣ ዕቅዱ በሙሉ ቆመ። ድል ነው ብለው ሳይጨርሱ በ2023 ሌላ ሕግ መጣ፤ የጡረታ መውጫውን ከ62 ወደ 64 የሚያሳድግ። ፓሪስ ላይ ቆሻሻ የሚያነሱት ሠራተኞች ሳይቀሩ አድማ መተው መንገዱ በቆሻሻ ክምር ተሞልቶ ነበር። መንግሥት ግን ምክር ቤቱ ድምፅ ሳይሰጥበት አንቀጽ 49.3 በሚሉት መንገድ አሳለፈው። ከሴፕቴምበር 2023 ጀምሮ አዲስ የሚቀጠር የሜትሮ ሹፌር የድሮውን ልዩ ጡረታ አያገኝም። እንደገና ደግሞ በ2025 ኦክቶበር ጠቅላይ ሚኒስትር ሌኮርኑ የዕድሜው ጭማሪ እስከ ፕሬዚዳንት ምርጫ ድረስ ይቁም ብለው ሐሳብ አቀረቡ። ስለዚህ ሹፌሮቹ አሸነፉ ብዬ አልዋሻችሁም። የያዙትም አለ፣ ያጡትም አለ። ይህ ነገር አንድ ጊዜ ታግለሽ የምትጨርሺው አይደለም።

ሌላም መራራ እውነት አለ። በዚያ ብርድ በእግራቸው የሄዱት እንደ ማዳሜ ልጅ ያሉት ብቻ አይደሉም። ከፓሪስ ዳር ካሉ ሰፈሮች ሌሊት ተነስተው ቢሮ ለማጽዳት የሚሄዱ ሴቶች አሉ፤ እኛን የሚመስሉ። ባቡር ሲቆም መጀመሪያ የሚጎዳው እግር የእነሱ ነው። ይህንን የማያነሳ ሰው ስለ አድማ ግማሹን ነው የሚያወራው። ግን እነዚያ ሴቶችም ዝም ብለው አልተቀመጡም። ልክ በዚያው ጊዜ ፓሪስ ባቲኞል ሰፈር ባለው ኢቢስ ሆቴል ክፍል የሚያጸዱ ሃያ ያህል ሠራተኞች፣ አብዛኞቹ ከአፍሪካ የሄዱ ሴቶች፣ ከጁላይ 2019 ጀምሮ አድማ ላይ ነበሩ። ሆቴሉ ራሱ አልቀጠራቸውም፤ በመሃል ሌላ ድርጅት አለ፣ እኛ ቢሮ እንደምንለው ዓይነት ነገር። ክርክሩ 22 ወር ፈጅቶ በ2021 ሜይ ተስማሙ፣ ደመወዛቸውም ተሻሻለ። ከመካከላቸው ከኮትዲቯር የሄደችው ራሼል ኬኬ በ2022 ለፈረንሳይ ምክር ቤት ተመረጠች። ቤት አጽጂ ናት ብለው ነበር እኮ የሚያልፏት።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ።

እኛ አድማ መምታት አንችልም። ሹፌሮቹ በሺህ ሆነው አንድ ጣቢያ ይገናኛሉ፤ እኛ በየቤቱ አንድ አንድ ነን፣ በሩም ከውጭ የሚቆለፍባት አለች። አንድ ቀን አልሠራም ብትይ መኖሪያ ፈቃድሽ በአሠሪው እጅ ነው። በ1946 የወጣው የሊባኖስ የሥራ ሕግ በ7ኛው አንቀጹ የቤት ሠራተኛን ከሕጉ ያስወጣል። ስለዚህ ለሌላው ሠራተኛ የሚባለው የሥራ ማብቂያ ክፍያ ለእኛ የለም። በ2015 ጃንዋሪ ላይ እህቶቻችን እዚሁ ቤይሩት የቤት ሠራተኞች ማኅበር መሥርተው ነበር፤ በአረብ አገር የመጀመሪያው ነው፤ መንግሥት ግን ዕውቅና አልሰጠውም። የዓለም ሥራ ድርጅት በ2011 ያወጣው የቤት ሠራተኞች ስምምነት፣ 189 ቁጥር የሚባለው፣ በማኅበራዊ ዋስትና ከሌላው ሠራተኛ እንዳናንስ ይላል፤ ሊባኖስ ግን አላጸደቀችውም። ይህንን መጠየቅ አናቆምም። ግን እስኪመጣ ድረስ ጉልበታችን እየሄደ ነው።

ብዙዎቻችሁ የምታውቋትን እትዬን አስታውሱ፤ ስሟን አልጠራም። ቤይሩት 22 ዓመት ሠራች። አራት ቤት፣ ስንት ልጅ አሳደገች፣ ስንት ሽማግሌ አገላበጠች። ጉልበቷ አልታዘዝ ሲላት ባለፈው ዓመት ገባች። የላከችው ብር ቤት ሠርቷል፤ ቤቱ ግን በወንድሟ ስም ነው። አሁን እህቷ ሳሎን ፍራሽ ዘርግታ ነው የምታድረው። ወንድሟ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ሚስት አለው፣ ልጆች አሉት፣ ቦታ የለም። 22 ዓመት ሙሉ ለሰው ሁሉ ስትቆርስ ለራሷ አልቆረሰችም። የእኛ ሰው «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» ይላል፤ እኛ ግን ማሳነስ ቀርቶ መቁረሱንም ረስተነዋል።

ሕግ ቢኖርም ደግሞ ብቻውን አይበቃም፤ እሱን ከጂዶ ነው የተማርኩት። ጂዶ የማዳሜ አባት ናቸው፤ የመንግሥት አስተማሪ ነበሩ፣ ጡረታቸውን በሊራ ነው የሚቀበሉት። በ2019 ዶላሩ 1,500 ሊራ ነበር፤ 2 ሚሊዮን ሊራ ያለው ሰው 1,300 ዶላር አለው ማለት ነው። በ2022 መጨረሻ ዶላሩ ከ40,000 ሊራ አለፈ፤ ያው 2 ሚሊዮን ሊራ 50 ዶላር እንኳ አልሆነም። ባንክ ያስቀመጡትንም አላወጣም አላቸው። አንድ ቀን መድኃኒታቸውን ስሰጣቸው፣ «ልጄ፣ እኔ አርባ ዓመት አስተምሬ ያንቺን ደመወዝ አላገኝም» ብለው አለቀሱ። እኔም አብሬ አለቀስኩ። የእኛም ብር በ2024 ጁላይ ምንዛሪው ሲለቀቅ ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንት ከ100 ማለፉን አትርሱ። ከዚያ በፊት በብር ያስቀመጠች እህት የደረሰባትን ታውቀዋለች።

ስለዚህ እሑድ ዕለት በስብሰባችን የተነሳውን ሐሳብ እደግፋለሁ። ላልመጣችሁት ልድገመው። ዕቁባችን አለ፣ ለታመመችና ለሞተች የምናዋጣው ዕድር አለ። ከእነሱ ሌላ የጉልበት ሣጥን ይኑረን ነው የተባለው። በወር 10 ዶላር፤ ዘጠኙ በራሷ በባለቤቷ ስም፣ እንደ ዕቁብ በየዙሩ የማይወጣ፣ አገሯ ስትገባ ወይም መሥራት ሲያቅታት ብቻ የምትወስደው። አንዷ ዶላር ደግሞ ለጋራ፤ ኮንትራት ቤት ሆነው መውጣት ላልተፈቀደላቸው፣ ደመወዛቸውም ለተያዘባቸው ልጆች። እነሱ እስኪወጡ ድረስ ጥቂት ጥቂት በስማቸው ይመዘገብላቸዋል።

ያጨቃጨቀን ያቺ አንድ ዶላር ናት። ውጭ አድረው በሰዓት ከሚሠሩት አንዷ እህት «እኔ ኮንትራት ቤት ስሆን ማን ከፈለልኝ? ለማላውቃት ልጅ ለምን እከፍላለሁ?» አለች። አልተቆጣሁም፤ እውነቷን ነው፣ ማንም አልከፈለላትም። እኔም በረንዳ ላይ ሆኜ ወደ ታች እያየሁ ያለቀስኩበትን ጊዜ አልረሳውም። ግን ያንን ስትናገር የፓሪሶቹ ሹፌሮች ትዝ አሉኝ። ከ1985 በፊት የተወለደው ሹፌርም እንደሷ ማለት ይችል ነበር። እኛም ከጓዳ የወጣነው እንደዚያው ነን፤ ከሞላ ጎደል ድነናል። አዲስ የመጣችው የ19 ዓመት ልጅ ግን ዛሬ ማታ ስልኳን ተነጥቃ ተኝታለች። አንድ ዶላር በደረቁ የአንድ ቀን ሻይ ነው። ለእሷ ግን ገና ሳታውቀን የሚያውቃት ሰው አለ ማለት ነው።

ሌላ ጥያቄ ደግሞ ተነስቷል፤ «ገንዘቡ የት ይቀመጣል?» የሚል። ይህ ከመጀመሪያው ይበልጥ ከባድ ነው። አንዲት ሰው ትያዘው ማለት ጠብ መግዛት ነው፤ ስንት ዕቁብ ዳኛዋ ይዛው ጠፍታ እንደቀረ ታውቃላችሁ። የእዚህ አገር ባንክ የጂዶን ነገር አሳይቶናል። እኔ የምለው በየራሳችን ስም አገር ቤት ይሁን ነው፤ ውጭ አገር ለምንኖር ኢትዮጵያውያን በዶላር የሚቀመጥ ሒሳብ ባንኮቻችን ይከፍታሉ። ወረቀት የሌላት እህት ግን መክፈት ሊያስቸግራት ይችላል፤ ለእሷ ሦስት ሰው በጋራ የሚፈርምበት፣ በየወሩ በዚህችው ጋዜጣችን ላይ ሒሳቡ የሚወጣ ሣጥን እናብጅ። የምትሻል መንገድ ያላት ትናገር፤ ዝም ብላ ወጥታ ዳውራ መንገድ ላይ እንዳታማን እንጂ።

በወር ዘጠኝ ዶላር በአሥር ዓመት 1,080 ዶላር ነው። ጡረታ ነው ብዬ አላሞኛችሁም፤ የማዳሜ ልጅ በአንድ ወር የምታጠፋው ነው። ግን እትዬ አውሮፕላን ስትሳፈር በእጇ ያልነበረ ገንዘብ ነው። በራሷ ስም ስለሆነም ማንም ሳሎን አያስተኛትም፤ ቢያንስ አንድ ክፍል ተከራይታ ጉልበቷን ታሳክማለች።

አንድ ነገር ደግሞ ለቤተሰብ። ይህንን ሐሳብ ለእናቴ በስልክ ስነግራት ዝም አለች። ከምልከው ሊቀነስ ነው ብላ እንደሆነ ገባኝ። ከዚያ «የአጎትሽ ነገር እንዳይደርስብሽ ብለሽ ነው?» አለችኝ። አዎ እማዬ፣ አልኳት። «እንግዲያስ አስቀምጪ፣ እኛ እንቻለዋለን» አለች። ይህንን ቃል ከእናቴ አፍ ለመስማት ሰባት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ ሳልጠይቃት ስለኖርኩ ነው እንጂ እሷ ጨክናብኝ አልነበረም። እናንተም ጠይቁ።

የፊታችን እሑድ በተለመደው ሰዓት ድምፅ እንሰጣለን። ኮንትራት ቤት ያላችሁና መውጣት የማትችሉ በስልክ መልእክት ላኩ፣ በሚስጥር ይቆጠራል። ስልክ የሌላት ጎረቤት ካለቻችሁ በረንዳ ለበረንዳ ጠይቋትና ድምፅዋን አምጡልን። እኔ በበኩሌ ለዘጠኙም ለአንዷም እጄን አወጣለሁ።